«ምነው ከሳሽ?»

ስለ ሰውነታችንና ስለምንበላው ነገር እንድናገር ስትጋብዙኝ ብዙዎቻችሁ የቫይታሚን ዝርዝር የጠበቃችሁ ይመስለኛል። ዝርዝሩ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ እዚያ ይነበባል። እኔ ዛሬ የማወራው ከሰላምታ ስለሚጀምር ነገር ነው።

ባለፈው ሰሞን ሆሳዕና መናኸሪያ በር ላይ ሰው እየጠበቅሁ ቆሜ ነበር። አንዲት ተማሪ ከአዲስ አበባ መኪና ወረደች። ሻንጣዋን ገና ከጣሪያ ሳያወርዱላት አንዲት ወይዘሮ፣ አክስቷ መሰሉኝ፣ አገላብጠው ሳሟትና ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው «ምነው ከሳሽ ልጄ? አያበሉሽም እንዴ?» አሏት። ባጃጅ እስኪገኝ ትንሽ ቆሙ። በዚህ መሐል አንዲት አብሮ አደጓ ስታልፍ አየቻትና እየጮኸች መጣች፤ ተቃቀፉ። ከዚያ ወደ ኋላ ሸሸት ብላ ከእግር እስከ ራሷ ቃኘቻትና «አንቺ! ወፈርሽ አይደል?» አለቻት። ልጅቷ ለአክስቷም ሳቀች፣ ለጓደኛዋም ሳቀች። ቀጥሎ ያደረገችውን ግን ከእኔ በቀር ያየ ያለ አይመስለኝም፤ ትከሻዋ ላይ የነበረውን ሹራብ አወረደችና ወገቧ ላይ አሰረችው።

አንድ ገላ፣ አንድ ቀን፣ ሁለት ፍርድ። ሁለቱም በፍቅር የተነገሩ ናቸው። እኔ ሃያ ዓመት ያህል ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ በእነዚህ ዓመታት ከመስታወት ይልቅ ሰላምታ ያሳመማቸውን ሰዎች በብዛት አይቻለሁ። ሰው የገዛ ሰውነቱን መጀመሪያ የሚያውቀው በሌላ ሰው አፍ ነው።

አማርኛችን ራሱ ይህን ይመሰክራል። ገላን «ሰውነት» እንለዋለን፤ ሰው መሆንንም «ሰውነት» እንለዋለን። በአንድ ቃል ሁለቱን ስላሰርናቸው አንዱን ስትነካ ሌላው ይነካል። ውበትን «ደም ግባት» እንላለን፤ ደም መግባቱን የምናየው ደግሞ ፊት ላይ ነው። የደላው ሰው «ሥጋ ለበሰ»፣ «ፊቱ ወዛ» ይባላል። «ተመችቶታል» ተብሎ የሚታማ ከሲታ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ይህ አነጋገር ከሞኝነት የመጣ አይደለም። አክስትየዋ «አያበሉሽም እንዴ?» ሲሉ የጠየቁት ስለ ልጅቷ ብቻ አይደለም፤ ስለ ቤቱ ነው። በእኛ አገር የልጅ ክሳት የቤቱን ጓዳ ያጋልጣል። ሐዲያና ከምባታ እንሰት ያለበት አገር ነው፤ በ1977ቱ ረሃብ እንሰት ብዙ ቤት አትርፏል ይባላል፣ እውነትም ነው። ነገር ግን በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ቀረ። ዝናቡ ዘግይቶ ሲመጣ ማሳው ለመለመ፣ እህሉ ግን አልደረሰም፤ «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለው ያ ነው። መንገደኛ ከመኪናው መስኮት ሆኖ ለምለም አገር አየሁ ብሎ ሲያልፍ፣ ከሳር ቤቱ ውስጥ እናትየው እግሩ ያበጠ ልጅ ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ይህን ያየ ትውልድ ወፍራም ልጅ ሲያይ ቢደሰት ማን ይፈርድበታል?

በዚያ ላይ ሌላ ጥላ ነበረ። ኤች አይ ቪ ሰው በሚጨርስበት ዘመን የከሳ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ይከሰስ ነበር። ወባ ይዞት ከርሞ የከሳውም፣ ትዳሩ ፈርሶ ያዘነውም፣ ፈተና ደርሶበት ያልተኛውም አንድ ላይ ይታሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2005 መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር ነገሩ ይቀላል ብለን ነበር፤ ለሕይወትስ ቀለለ። ነገር ግን ከመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች አንዱ ስታቩዲን የሚባለው የጉንጭንና የክንድን ስብ ያጠፋ ነበር። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጤናው እየተመለሰ መልኩ ያሳብቅበት ጀመር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ከጥቅም እንዲወጣ መከረ። መድኃኒቱ ወጣ፤ ጉንጭ እያዩ ምርመራ የማንበብ ልማዳችን ግን አብሮ አልወጣም።

እንግዲህ ሰውነትን በዓይን ማንበብ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከሥራዬ አንድ ነገር ላሳያችሁ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቀለም የተቀባ የክንድ መለኪያ ይይዛሉ፤ አይታችሁታል። የልጁን ግራ ክንድ ያንጠለጥሉና በትከሻና በክርን መካከል ይጠቀልሉታል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ክንዱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ቀዩ ላይ ያርፋል፤ ያ ልጅ በአስቸኳይ ሕክምና ይፈልጋል። ሥራው ግን በሜትሩ አያበቃም። ሁለቱን የእግር ጀርባዎች በአውራ ጣት ይጫኑና ለ3 ሰከንድ ያህል ይቆያሉ። ጣቱ ሲነሳ ጎድጎድ ያለ ምልክት ከቀረ ልጁ አብጧል ማለት ነው። ክዋሺዎርኮር የሚባለው ሕመም ይህ ነው። የሚገርመው፣ እንዲህ ያለውን ልጅ እናቶች ብዙ ጊዜ የሚያመጡት ለሌላ ነገር ነው፤ ለሳል፣ ለተቅማጥ። «በምግቡስ ተመስገን፣ ድንቡሽ ብሎልኛል» ይላሉ። ፊቱ ሙሉ ነው፣ ጉንጩ ቆሟል፤ ጎረቤት መርቋል። አውራ ጣቴን አንስቼ ጉድጓዱን ሳሳያቸው የሚመጣውን ዝምታ እስከዛሬ አልለመድኩትም።

አንዱ ምክንያት ከምንወደው ምግብ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። ቆጮ፣ እናንተ ዋሳ የምትሉት፣ ያጠግባል፣ ጉልበት ይሰጣል፣ ጉድጓድ ውስጥ ወራት ይቆያል፤ ፕሮቲኑ ግን በ100 ግራም ከ1 እስከ 2 ግራም ቢሆን ነው። አባቶቻችን ይህን ሳይማሩ ያውቁት ነበር፤ ስለዚህ ቆጮን ባዶውን አያቀርቡትም ነበር፤ አይብ አለ፣ ጎመን አለ፣ ወተት አለ፣ ለበዓል ሥጋ አለ። ለያሆዴ በዓል የሚዘጋጀውን አታካና አስቡት፤ ቡላው ከቅቤና ከወተት ጋር ነው። ላሚቱ ከተሸጠችና አይቡ ገበያ ከሄደ በኋላ ግን ዋሳው ብቻውን ይቀራል። ሆድ ይሞላል፣ ልጁ አይሞላም።

ይህን ያመጣሁት ስለ ሕፃናት ልሰብክ አይደለም። በዓይናችን ያን ያህል የምንሳሳት ከሆነ መናኸሪያ ላይ ስላገኘናት ተማሪ ምን እናውቃለን ለማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች ቀጭን ሲሆኑ፣ 8 በመቶው ከመጠን በላይ የወፈሩ ናቸው። ወንዶቹ ደግሞ 33 በመቶ ቀጭን፣ 3 በመቶ ወፍራም። ወንዶቹን ልብ በሉልኝ፤ እመለስባቸዋለሁ። ቁጥሩን ሳነብ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው፤ ምግብ ያጣና ምግብ የፈራ ሰው በአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም በአንድ ጣሪያ ሥር አብረው መኖር ጀምረዋል።

ምግብ መፍራት ከየት መጣ? ስልኩ ነው ብሎ መገላገል ይቀላል፤ እኔም በከፊል ስልኩን እከሳለሁ። ከእኛ በጣም ሩቅ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ፊጂ የምትባል የደሴት አገር አለች። እዚያም እንደ እኛው ወፈር ማለት የደላው ሰው ምልክት ነበር፤ ሰው ሲከሳ ቤተሰቡ ይጨነቃል፣ ምግብ ያቀርባል። ናድሮጋ ወደሚባለው አውራጃ ቴሌቪዥን የገባው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። አን ቤከር የምትባል አሜሪካዊት ሐኪምና የባህል ተመራማሪ ቴሌቪዥኑ እንደገባ ሰሞኑን ልጃገረዶቹን ጠየቀች፤ ከ3 ዓመት በኋላ ተመልሳ እኩዮቻቸውን ጠየቀች። መጀመሪያ ላይ ክብደት ለመቀነስ ብላ ምግብ የምታስመልስ አንዲትም አልነበረችም። በ1998 ግን ከ100ው 11ዱ ያስመልሱ ነበር። ከአራቱ ሦስቱ ደግሞ አንዳንዴም ቢሆን «ወፍራም ነኝ» ይላቸው ነበር። ሦስት ዓመት ነው! እኛ ዘንድ ቲክቶክ የገባው ስንት ዓመቱ ነው?

ግን የእኛዎቹ ልጆች ችግር ከፊጂዎቹ አንድ እርከን ይብሳል ብዬ አምናለሁ። የእኛዋ ልጅ ሁለት አንባቢ አላት። ስልኩ ወገብሽ ይጥበብ፣ ዳሌሽ ይስፋ ይላታል፤ ፊልተሩም ያደርግላታል። አክስቷ ደግሞ ብይ፣ ሥጋ ልበሺ፣ ሰው ምን ይለናል ይሏታል። ስለዚህ ቀን ሳትበላ ትውላለች፣ ማታ ቤተሰብ ፊት እየተጎረሰች ትበላለች፣ ከዚያ ጓሮ ትወጣለች። ጉርሻ እምቢ አይባልማ።

አለመብላት ራሱ አእምሮ ላይ ምን እንደሚሠራ በደንብ የታወቀው በጦርነት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ ላይ በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የሚባል ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ሰበሰበ። ጦርነት አንዘምትም ያሉ፣ በፈቃዳቸው የመጡ ሰዎች ናቸው። ለ24 ሳምንት የለመዱትን ምግብ በግማሽ ያህል ቀነሰባቸው። ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩቡን ያህል አጡ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ያልተጠበቀው ጠባያቸው ነው። ስለ ምግብ ብቻ ያወራሉ። ለወጥ ሥራ ግድ ያልነበራቸው ጎረምሶች የምግብ አሠራር መጽሐፍ ሲያነቡ ይውላሉ። አንድ ሳህን ይዘው ሰዓት ይፈጃሉ፣ ሳህኑን ይልሳሉ፣ ይነጫነጫሉ፣ ከሰው ይሸሻሉ። እንደልባቸው መብላት ሲጀምሩ ደግሞ በልተው አልጠግብ አሉ፤ አንዳንዶቹም ሆዴ ወፈረ እያሉ ይጨነቁ ጀመር። እነዚህ ሰዎች መስታወት ያሳሰባቸው፣ መልክ ያስጨነቃቸው አልነበሩም። ረሃቡ ነው እንዲህ ያደረጋቸው። ስለዚህ ልጃችሁ ቀን ሙሉ ሳትበላ ውላ ሌሊት ድስት ስትከፍት ብታገኟት ሆዳም አትበሏት። ሚኒሶታ ከነበሩት ወጣቶችም ብዙዎቹ እንዲሁ ሆነዋል።

አሁን ወደ አንድ ስስ ነገር ልግባ፤ በዚህ አዳራሽ የሁሉም ቤተ እምነት ሰው ስላለ ቅር እንዳትሉኝ። እኛ ጿሚ ሕዝብ ነን። ኦርቶዶክሱ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ይጾማል፤ ካቶሊኩም ይጾማል፤ ወንጌላዊው ሦስት ቀን ከእህል ውሃ ተለይቶ ይጸልያል፤ ሙስሊሙ ረመዳንን ይይዛል። እኔም እጾማለሁ። ጾም ግን በአገራችን ማንም የማይጠይቀው በር ነው። «ጾም ነኝ» ያለችን ልጅ ብይ የሚል የለም፣ እንዲያውም ትመሰገናለች። በሰሜን ምሥራቅ ጋና በሁለት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 668 ልጃገረዶች ተመርምረው በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። በጣም ከከሱት መካከል 10ሩ ሌላ በሽታ አልተገኘባቸውም፤ ራሳቸው ምግብ ስለተዉ ነው የከሱት። መወፈርን ፈርተውም አይደለም። ረሃባቸውን ራስን እንደ መግዛት፣ እንደ ጽድቅ ያዩት ነበር። ሐኪም ቤት ስንማር አኖሬክሲያ ቀጭን መሆን የምትመኝ የፈረንጅ ልጅ ሕመም ነው ተብለን ነበር። ጋና ያሉት ልጆች ግን ከአውሮፓ ሞዴል ይልቅ የእኛን የጸሎት ቤት ልጆች ይመስሉኛል። ጾሙ ተፈቶ ሁሉ ወደ ማዕድ ሲቀርብ እሷ ብቻ ሌላ ጾም ከጀመረች፣ ያኔ ካህኑም፣ መጋቢውም፣ እናቲቱም ቆም ብለው ማየት አለባቸው።

ወደ ወንዶቹ ልመለስ ብያለሁ።

አባቶቻችን ዘንድ ቦርጭ ማዕረግ ነበር። የቢሮ ኃላፊ ቦርጭ ከሌለው ሹመቱም ይጠረጠር ነበር። ደቡብ ኦሞ ላይ ቦዲዎች ለካኤል በዓል ወንዶችን ወራት ሙሉ በወተትና በከብት ደም ቀልበው ያወፍራሉ፤ ከሁሉ የወፈረው ይከበራል። እኛ እንስቃለን እንጂ ሆሳዕናም የራሷ ካኤል አላት። ከዚህ ከተማና ከአካባቢው ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄድ ከጀመሩ ቆዩ፤ በየሰፈሩ ያለው ፎቅና ሱቅ ይናገራል። ከጆሐንስበርግ የተመለሰ ሰው አቀባበል አይታችኋል? አስቀድሞ የሚታየው አንገቱና ጉንጩ ነው። ወፍሮ ከመጣ «ሰው ሆነ» ይባላል። ከስቶ የመጣ ግን፣ ምናልባት ሱቁ ተዘርፎበት፣ ምናልባት በመንገድ ታስሮ፣ ገና ሻንጣውን ሳይፈታ ገንዘቡ ተቆጥሮ አልቋል። አንድ እንዲህ ያለ ወጣት ማወፈሪያ ኪኒን ፍለጋ ወደ እኔ መጥቶ ነበር። እናቱን ለማየት ወደ ገጠር ከመግባቱ በፊት አንድ ወር ሆሳዕና ተደብቆ ሊወፍር ነው ያሰበው። «እንዲህ ሆኜ ብታየኝ ትሞታለች» አለኝ።

ስለ ኪኒኑ አንዴ ልናገር። በስውር «ማወፈሪያ» ተብለው ከሚሸጡት አንዱ ሳይፕሮሄፕታዲን ነው፤ የአለርጂ መድኃኒት ነው፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ እንቅልፍም ያመጣል፤ ሞተር ብስክሌት ለሚነዳ ሰው እንቅልፍ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሌላው ዴክሳሜታዞን ነው። እሱ ፊትን ያድቦለቡላል፤ የሚታየው ግን ጤና አይደለም። ስኳርና ደም ግፊት ያነሳል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ለብዙ ጊዜ ተወስዶ በድንገት ከቆመ ሰው ሊገድል ይችላል። ሴቶችም ወንዶችም ይወስዱታል፤ ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለፎቶ።

ታናናሽ ወንድሞቻቸው ደግሞ ቦርጭ አይፈልጉም። እዚሁ ሆሳዕና ጎፈር ሜዳም ሆነ ሴች ዱና፣ ወጣ ብሎም ዱራሜም ሆነ ሾኔ፣ ጎረምሳ ብረት ሲያነሳ ታገኙታላችሁ፤ ብረት ያጣው ሲሚንቶ በቆርቆሮ ጣሳ ሞልቶ በዱላ ያያይዛል። ይህን እወደዋለሁ፤ ከጫት ቤት ይሻላል። የሚያሳስበኝ ክንዱን በየቀኑ በልብስ ሰፊ ሜትር የሚለካው ነው። ሃሪሰን ፖፕ የሚባል የአሜሪካ ሐኪምና ባልደረቦቹ የወንድ ልጆች መጫወቻ የሆነ አንድ የወታደር አሻንጉሊት ለክተው ነበር። አሻንጉሊቱ ወደ ሰው ቁመት ቢያድግ፣ እ.ኤ.አ. የ1964ቱ ክንድ 31 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የ1998ቱ ግን 68 ሴንቲ ሜትር። የቀጭን ሴት ወገብ ያክላል! ሐኪሞቹ ጡንቻ አውጥቶም «ቀጫጫ ነኝ» እያለ የሚሰቃይ ወንድ ሕመም እንዳለበት የለዩት በዚያው ዘመን ነው። ከፊሉ ጓደኛው ጂም ገባ ሲለው፣ ከፊሉ ደረቱን ነፋ ሲለው፣ ልጁ ግን በበጋ ሐሩር ሦስት ቲሸርት ደርቦ ይሄዳል፤ ወፈር እንዲል። ሴት ልጅ ቢያንስ ለእህቷ ትነግራለች። ይህ ለማን ይናገር? ወንድ ልጅ ስለ መልኩ ተጨነቀ ቢባል ሰፈሩ ይስቃል።

«ልማድ ነው፣ ምን ይደረጋል» የሚሉ አሉ። እኔ ይህን ከከምባታ ሰው አልቀበልም። የከምባታዋ ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 ኬ.ኤም.ጂ. የተባለውን ድርጅት ስትመሠርት ያልተገረዘች ልጅ ባል አታገኝም የሚለው እንደ ድንጋይ የጸና ነበር። ስብሰባ በመጥራትና ሕግ በመጥቀስ ብቻ አላበቃችም፤ በየቀበሌው ዛፍ ሥር ሽማግሌውን፣ ገራዧን፣ ጎረምሳውን፣ ልጃገረዷን አንድ ላይ አስቀምጣ ወራት አወያየች። በ2002 እ.ኤ.አ. አንዲት ሙሽራ አልተገረዝኩም የሚል ጽሑፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በሕዝብ ፊት ተዳረች፤ ሙሽራውም በዚህ መደሰቱን የሚናገር ጽሑፍ ይዞ ነበር። ቦጋለች በ2019 እ.ኤ.አ. አረፈች። ያ ሠርግ የሴት ልጅ ገላ የሚነበብበትን ዓይን የቀየረ ሠርግ ነው፤ ያውም ከዚህ አዳራሽ ብዙ በማይርቅ አገር። ከዚያ አንጻር «ምነው ከሳሽ»ን በ«እንዴት ከረምሽ» መለወጥ ያን ያህል ከባድ ሥራ ነው እንዴ?

አንድ ነገር ነግሬያችሁ ልቀመጥ። አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ለካሁት፤ አረንጓዴ ላይ አረፈ፣ ደስ አላቸው። ነፍሰ ጡር ስለነበሩ የሳቸውንም ክንድ ለካሁ፤ ለነፍሰ ጡር መነሻችን 23 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እሳቸውም ደህና ናቸው። በር ላይ የአሥረኛ ክፍል ዩኒፎርም የለበሰች ትልቋ ልጃቸው ቆማለች፣ በዚያ ሙቀት እስከ አንጓዋ በሹራብ ተሸፍና። እናቷ «እሷንም ለኪልኝ፣ ምንም አትበላም፣ እንጨት ሆነችብኝ፣ ሰው አታበያትም እንዴ ይለኛል» አሉ። ልጅቷ እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። እናትየዋን ካርድ ያስሞሉ ዘንድ ወደ ውጭ ላክኋቸው። ሜትሩን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩና ትምህርት እንዴት ነው አልኳት። ስለ ሒሳብ አስተማሪዋ አወራችኝ፣ ስለ አንድ ጓደኛዋ፣ ስለ ክረምት። ብዙ አወራች። እናትየዋ ካርዱን ይዘው ሲመለሱ ድምፃቸው ከኮሪደሩ ተሰማ። ያን ጊዜ ልጅቷ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበችና ክንዷን ዘረጋችልኝ።

«ቁጥሩን ለሷ አትነግሪያትም አይደል?» አለችኝ።